አይነዝርም፤ ያቃጥላል

ከጥምቀት ማግስት እስከ ሁዳዴ መግቢያ የፍኖተ ሰላም ፎቶ ቤቶች ቀንም ሌሊትም ሥራ ላይ ናቸው። ቀን ካሜራው ሰርግ ላይ ይውላል፤ ጃቢ ጠህናን፣ ቋሪት፣ ወምበርማ፣ ቡሬ ዙሪያ፣ አንዳንዴም መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ድረስ። ማታ ኮምፒውተሩ ይከፈታል። የዳሱ ጭፈራ፣ የሚዜዎቹ አገባብ፣ የሙሽሪት አሸኛኘት ተቆርጦ ይቀጠላል፤ ቀለሙ ይስተካከላል፤ ዘፈን ይደረብበትና በፍላሽ ይወጣል። ዘመድ ሳይበተን ካልደረሰ ቅሬታው ብዙ ነው። ሬንደሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ያለቀውን ቪዲዮ የሚያወጣበት ሥራ፣ መሐል ላይ ሳለ መብራት ከሄደ ደግሞ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል።

ይህን ሥራ የሚያፋጥነው ግራፊክስ ካርድ ነው። ያለ ካርድ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጅ ቪዲዮ ደህና ካርድ ባለው ኮምፒውተር እራት ተበልቶ ሳይነሣ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ገንዘብ የቋጠረ ኤዲተር አዲስ አበባ ዘመድ ሲሄድ ካርድ ያስመጣል፤ ካርዱ 390 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዞ ይደርሳል፤ የኮምፒውተሩ ጎን ይፈታል። ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል።

ያየሁት ኮምፒውተር ጎኑ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ክፍሉ በተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ታፍኗል። ወጣቱ ኤዲተር የስልኩን ባትሪ አብርቶ ይዟል፤ ጠጋኙ የቀለጠውን መሰኪያ በፒንሳ እየወዘወዘ ያላቅቃል።

«12 ቮልት ነው ብዬ እኮ ነው ጋሼ» አለ ኤዲተሩ። «220ው ያለው ግድግዳው ላይ ነው። ይሄን በእጄ ብይዘው እንኳ አይነዝረኝም።»

«አይነዝርህማ ወንድማለም» አለው ጠጋኙ ቀና ሳይል። «ያቃጥልሃል እንጂ።»

መሰኪያው ተላቅቆ ብርሃን ላይ ሲታይ ነገሩ ግልጽ ነበር። ለሃርድ ዲስክ የሚሰካው ጠፍጣፋ የሳታ መሰኪያ ነው። ውስጡ 15 ስስ የብረት ምላሶች ተደርድረዋል። 12 ቮልት የሚያልፈው በአንደኛው ጫፍ ባሉት በሦስቱ ብቻ ነው። በዚያ ጫፍ ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ ሌላኛው ጫፍ ገና ከፋብሪካ እንደወጣ ያብረቀርቃል። እሳቱ የት እንደተነሣ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

እያንዳንዱ ምላስ የተሠራው ለ1.5 አምፔር ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 4.5 አምፔር ይሆናሉ፤ በ12 ቮልት ሲባዛ 54 ዋት። ለሃርድ ዲስክ ከበቂ በላይ ነው። ኤዲተሩ ግን በዚህ መሰኪያ ላይ አስማሚ ቀጥሎ፣ አስማሚውን አርቲኤክስ 3060 በተባለ ካርድ ባለ 8 ፒን ማስገቢያ ላይ ሰክቶታል። ይህ ካርድ ሥራ ሲበዛበት 170 ዋት ይስባል። ከዚያ ውስጥ ካርዱ የተቀመጠበት የማዘርቦርድ ስሎት እስከ 75 ዋት ሊሰጥ ይችላል፤ ቀሪው በሙሉ የሚመጣው በኬብሉ ነው። ሂሳቡ ገና ከመነሻው አይገጥምም።

ካርዱ ለምን ዝም አለ? ከስምንቱ ፒኖች ሦስቱ 12 ቮልት ያመጣሉ፤ ሦስቱ የመሬት መስመር ናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ ለካርዱ መልእክት ያቀብላሉ። ሁለቱ ከመሬት መስመር ጋር ተያይዘው ካገኛቸው ካርዱ ባለ 8 ፒን ኬብል መሰካቱን ይረዳል፤ እስከ 150 ዋት ለመሳብም ይደፍራል። አስማሚ የሚሠራ ፋብሪካ እነዚህን ሁለት ፒኖች በቁራጭ ሽቦ ማያያዝ ብቻ ይበቃዋል። ከወዲያ በኩል ያለው ሽቦ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ ከሃርድ ዲስክ መሰኪያ ይምጣ ከሌላ፣ ካርዱ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ባለ 6 ፒን ኬብልን ወደ ባለ 8 የሚቀይረው አስማሚም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ለ75 ዋት የተመደበውን 150 ነው ብሎ ያቀርባል። የሳታ አስማሚ ለግራፊክስ ካርድ ፈጽሞ ሊሸጥ አይገባም። ከየሱቁ መደርደሪያ ቢወርድ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ጠጋኙ ቃል እንመለስ። ሰውነታችን ኤሌክትሪክን በቀላሉ አያሳልፍም፤ አስገድዶ የሚያስገባው ቮልቴጁ ነው። 12 ቮልት ደረቅ ቆዳን አልፎ የሚሰማ ነገር ለማድረግ አቅም ያንሰዋል። ሽቦን የሚያግለው ግን በውስጡ የሚያልፈው አምፔር ነው። የእንጀራ ምጣዳችን 3,500 ዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ነው። ያ 170 ዋት የሚስብ ካርድ በ12 ቮልት ሲካፈል 14 አምፔር ይሆናል። ለምጣዱ ወፍራም መስመር ለብቻው እንዘረጋለታለን፤ ሶኬቱ ሲላላ ሞቆ እንደሚጠቁርና እንደሚቀልጥ ምጣድ ያለው ቤት ሁሉ ያውቃል። ለካርዱ ግን እዚያው አካባቢ የሚደርስ አምፔር የክብሪት እንጨት በማያክሉ ሽቦዎች እንልክበታለን፤ «12 ቮልት ነው» ስለተባለ ብቻ ማንም አይጠነቀቅም።

የምጣዱ ሶኬትም የካርዱ መሰኪያም የሚቀልጡት በአንድ ምክንያት ነው። ብረት ከብረት በደንብ ካልተነካካ በመገናኛው ላይ ተቃውሞ ይፈጠራል። እዚያ ላይ የሚወጣው ሙቀት በተቃውሞው ልክ ይጨምራል፤ በአምፔሩ ደግሞ በእጥፍ ሳይሆን በካሬው ነው የሚጨምረው። አምፔሩ ሁለት እጥፍ ቢሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በአንድ ፒን 8 አምፔር ሲያልፍ ተቃውሞው 5 ሚሊ ኦህም ከሆነ የሚወጣው ሙቀት የዋት ሲሶ አካባቢ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። ፒኑ ላልቶ ወይም ዝጎ ተቃውሞው 50 ሚሊ ኦህም ቢደርስ ከ3 ዋት ያልፋል። ያ ሙቀት የጤፍ ፍሬ በምታህል ነጥብ ላይ፣ አየር በማያገኝ ፕላስቲክ ውስጥ ታፍኖ ይቀመጣል። ሙቀቱ የፒኑን ብረት ያላላዋል፤ የላላው ብረት ተቃውሞውን ይጨምራል፤ የጨመረው ተቃውሞ ደግሞ መልሶ ያሞቀዋል።

የኤዲተሩ ኮምፒውተር ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነበር። በየከተሞቻችን የምናገኛቸው ብዙዎቹ ዴስክቶፖች እንዲህ ያሉ፣ ውጭ አገር ቢሮ አገልግለው የመጡ ዴልና ኤችፒ ናቸው። ለጽሕፈት ሥራ ጠንካሮች ናቸው። የዚህኛው ትልቁ ሞዴል ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም የግድግዳውን መብራት ወደ 12 ቮልት የሚቀይረው ሳጥን፣ 290 ዋት ነው፤ ከእሱ በፊት የወጣው የ7010 ደግሞ 275። ለግራፊክስ ካርድ የተዘጋጀ ኬብል ከውስጡ አይወጣም፤ አለመውጣቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። የካርዱ ኩባንያ ኤንቪዲያ ለአርቲኤክስ 3060 የሚመክረው ፓወር ሰፕላይ 550 ዋት ነው። ፓወር ሰፕላዩን ብቻ ልቀይር ቢሉም የ9020 ዋናው መሰኪያ የዴል የራሱ ባለ 8 ፒን ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ባለ 24 ፒን እንዲያው በቀጥታ አይገባለትም። እንዲህ ላለ ኮምፒውተር የሚበጀው ኃይሉን በሙሉ ከስሎቱ የሚወስድ ካርድ ነው፤ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም ጂቲኤክስ 1650፣ ያውም ተጨማሪ መሰኪያ የሌለው ዓይነት ተመርጦ። ፍጥነቱ ከ3060 ያንሳል፤ ለሰርግ ቪዲዮ ግን ወገቡን ታጥቆ ይሠራል።

ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ኢተሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቆም፣ ዓለም ላይ ለወራት ያለ ዕረፍት ሲሠሩ የኖሩ ካርዶች ወደ ገበያ ጎረፉ። ካርዱ ንጹሕ ቢመስልም የኃይል ማስገቢያውን በስልክ ብርሃን እዩት። ጉድጓዶቹ ጠርዛቸው የተስተካከለ፣ ቀለማቸው አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንዱ እንኳ ቢጫ ወይም ቡናማ ካለ ዋጋ መከራከር አያስፈልግም፤ ትቶ መሄድ ነው።

ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ በኩል አልፈን ቡሬ ስንደርስ ጥያቄው ወደ ፓወር ሰፕላይ ይዞራል። የነቀምቴው መንገድ የሚገነጠልባት፣ በበርበሬዋ ስሟ የሚነሣው ቡሬ የንግድ ከተማ ናት፤ ዕቃ ከየአቅጣጫው ይገባባታል። አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ባንኮኒ ላይ የተቀመጠ ፓወር ሰፕላይ አነሣሁ። ጎኑ ላይ በትልቁ 500 ተጽፏል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተሠራ ሠንጠረዥ አለ፤ መነበብ ያለበት እሱ ነው። በ12 ቮልት ዓምድ ሥር የተጻፈው 18 አምፔር ነበር። ሲባዛ 216 ዋት። ሲፒዩውም ካርዱም የሚመገቡት ከዚሁ መስመር ነው፤ ስለዚህ ይህ ዕቃ ለእኛ ሥራ 216 ዋት እንጂ 500 አይደለም። ሻጩን ሳሳየው አልተከራከረኝም፤ «ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም» አለኝ። ገዢ ከጠየቀ ሻጭም መርጦ ያመጣል።

እዚያው ሱቅ ውስጥ ያየሁት ሌላ ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ጀርባው ላይ ቀይ ማንሸራተቻ ነበረው፤ 115 ላይ ቆሟል። አሜሪካን በመሰለ 120 ቮልት ገደማ በሚጠቀም አገር ሲሠራ የኖረ ዕቃ ነው። ወደ 230 ሳይገፋ በእኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ በዚያው ቅጽበት ይፈነዳል። ማንሸራተቻው የሚገፋው ከግድግዳው ሳይሰካ በፊት ነው።

በአጭር ማብራሪያ ብቻ የማይገባ የኬብል ስሕተት ደግሞ አለ። ከፓወር ሰፕላይ የሚወጡ ሁለት ዓይነት ባለ 8 ፒን መሰኪያዎች አሉ፤ አንዱ ለሲፒዩ፣ አንዱ ለግራፊክስ ካርድ። ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። የሲፒዩው 12 ቮልት የሚመጣው መቆለፊያው ባለበት ረድፍ ነው፤ የካርዱ ደግሞ በተቃራኒው ረድፍ። አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ 12 ቮልቱ ከመሬት መስመር ጋር ይጋጫል። እንዳይሳሳቱ ሲባል የፒኖቹ ቅርጽ ተለያይቷል፤ አንዳንዱ አራት ማዕዘን፣ አንዳንዱ ማዕዘኑ የተሸራረፈ ነው። ጉልበት የጨመረ ሰው ግን ፕላስቲኩን አሸንፎ ያስገባዋል። መለያው ቀላል ነው፤ የሲፒዩው ለሁለት ሲከፈል አራትና አራት ይሆናል፤ የካርዱ ስድስትና ሁለት። እምቢ ያለ መሰኪያ ምክንያት አለው፤ አይገደድም።

ኬብሉ ከፓወር ሰፕላዩ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ደግሞ የአንዱን ኩባንያ ኬብል ለሌላው መጠቀም አይቻልም። በካርዱ በኩል ያለው ጫፍ ለሁሉም አንድ ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን እያንዳንዱ አምራች በፈለገው መንገድ የደረደረው ነው። ገጥሞ የገባ ኬብል 12 ቮልቱን የተሳሳተ ቦታ ሊያደርሰው ይችላል። ፓወር ሰፕላይ ሲሸጥም ሲገዛም ከነኬብሉ ይሁን።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ የከተሞቻችን ጠጋኞች የአንድን ካርድ ዋት እንኳ ፈልገው ማየት አልቻሉም። በእጃቸው ባለው ነገር፣ በልምድና በግምት ሠሩ። ስለዚህ የተሳሳተ ኬብል ያገናኘ ወጣት ሲገጥመኝ ለመውቀስ አልቸኩልም፤ የሚጠይቀው ሰውም የሚያነበው ጽሑፍም ሳይኖረው ነው የሠራው።

ደግሞም ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ኤንቪዲያ 450 ዋት የሚስበውን አርቲኤክስ 4090 ለገበያ ሲያቀርብ አዲስ ባለ 16 ፒን መሰኪያ ይዞ መጣ። 12 ፒኖች ኃይል ይሸከማሉ፤ 4 ትናንሾቹ መልእክት ያቀብላሉ። እስከ 600 ዋት፣ ማለትም 50 አምፔር፣ በስድስት ሽቦ ገብቶ በስድስት ይመለሳል። ወሩ ሳያልቅ የቀለጡ መሰኪያዎች ፎቶ መታየት ጀመረ። ኅዳር ላይ ኩባንያው 50 ያህል ጉዳዮች እንደደረሱት ገልጾ ዋናው ምክንያት መሰኪያው እስከ ውስጥ ድረስ አለመግባቱ ነው አለ። ቆይቶ መሰኪያው ተሻሻለ፤ የመልእክት ፒኖቹ አጠሩ፣ የኃይሎቹ ረዘሙ፤ በከፊል የገባ መሰኪያ መልእክቱ ስለማይደርስ ካርዱ ኃይል እንዳይስብ ታሰበ። በ2017 ዓ.ም. 575 ዋት የሚስበው አርቲኤክስ 5090 ሲወጣ ግን ጀርመናዊው ባለሙያ ሮማን ሃርቱንግ በአንዲት ሽቦ ብቻ ከ20 አምፔር በላይ ሲያልፍ ለካ፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው መሰኪያም 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ደርሶ ነበር። ስድስቱ እኩል ቢካፈሉ በ600 ዋት እንኳ ለእያንዳንዱ 8 አምፔር በደረሰው ነበር።

እኔ ጥፋቱን ሁሉ በተጠቃሚው ላይ መጫን አልቀበልም። አሮጌው ባለ 8 ፒን 150 ዋቱን ለሦስት ሽቦ ሲያካፍል ለእያንዳንዱ 4 አምፔር ገደማ ነው የሚደርሰው፤ ፒኑ የዚያን እጥፍ መሸከም ይችላል። ትንሽ ቢላላ ይታገሣል። አዲሱ 9.5 አምፔር በሚችል ፒን 8.3 ይልክበታል፤ ለስሕተት የቀረው ቦታ ጠባብ ነው። ለእኛ አገር የምመክረው አሮጌውን መሰኪያ የሚጠቀም ካርድ ነው።

በጃቢ ጠህናንም በወምበርማም ገጠር ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሶላር ሰሌዳ ማየት ብርቅ አይደለም። በእነዚህ ቤቶች 12 ቮልት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ባትሪው ራስ ላይ ነጭ ዝገት ሲሰበሰብ፣ ሽቦው ሲላላ፣ መገናኛው እንደሚግል የሚያውቁት እናቶችና አባቶች ናቸው። ራሱን ጠርገው፣ አጥብቀው ያስሩታል። ልጃቸው ከተማ ሄዶ ኮምፒውተር ሲገጥም የሚያስፈልገው ጥንቃቄም ይኸው ነው።

ፍኖተ ሰላም ላይ ጠጋኙ ሥራውን ሲጨርስ አጠገቡ ቆሜ አየሁ። ኤዲተሩ ካርዱን መመለስ ስላልፈለገ ሌላ ኬዝና ማዘርቦርድ፣ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ተገኝቶ ነበር። ጠጋኙ ገመዱን መጀመሪያ ከግድግዳው ነቀለ። ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ጊዜ ተጭኖ ያዘው፤ ማዘርቦርዱ ላይ የቀረው ኃይል እንዲያልቅ ነው። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ግን አልከፈተም። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ገመዱ ተነቅሎም ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ እነሱ ይነዝራሉ፣ ይገድላሉም። የኬዙን ብረት በእጁ ነካ፤ ከልብስ የሚመጣው ስታቲክ ካርዱን እንዳያበላሽ። ካርዱን ስሎቱ ላይ አስገብቶ በካቻቢቴ ሁለት ብሎን አሰረው። ካርዱ ሳይታሰር ኬብል ከተሰካ ክብደቱ ያዘመውና መሰኪያውም አብሮ ይጣመማል።

ኬብሉን ሲሰካ ስድስቱንና ሁለቱን በሁለት ጣቱ ገጥሞ እኩል ያዛቸው፤ ሁለቷ ወደ ኋላ እንዳትቀር። ቀጥ አድርጎ ገፋ። ቀጭ አለ። ይህ ድምፅ ብቻውን አልበቃውም። ጎንበስ ብሎ በጎን አየው፤ በመሰኪያውና በማስገቢያው መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት የለም። መቆለፊያዋ ጥርሱን ነክሳለች። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሳበው፤ አልመጣም። ኬብሉ ከመሰኪያው ሥር ወዲያው እንዳይታጠፍ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ እንዲወጣ አደረገው፤ ሽቦው ሥሩ ላይ ከተጣመመ ውስጥ ያለውን ፒን ይስበዋል። ካርዱ ሁለት መሰኪያ ያለው ቢሆን ኖሮ፣ አለኝ፣ ከአንድ ኬብል ጫፍ የተንጠለጠሉትን ሁለቱን አልጠቀምም ነበር፤ ሁለት የተለያየ ኬብል ከፓወር ሰፕላዩ አመጣ ነበር።

ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ የአንድ ሰርግ ቪዲዮ ሬንደር ላይ ተደረገ። ጠጋኙ አልሄደም። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ መሰኪያውን በጣቱ ጀርባ ነካ። ለብ ማለት ያለ ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግን ይጠፋል፣ ይነቀላል፣ ምክንያቱ ይፈለጋል።

ኤዲተሩ ቀድሞ ኬዙን ሲነካ እጁን ደንዘዝ ያደርገው እንደነበር አነሣ። ያ ከካርዱ ኬብል የሚመጣ አይደለም። ዲቫይደሩ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው፤ ሦስተኛው፣ የመሬቱ፣ የለም። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ የሚያፈሰው ጥቂት ጅረት የሚሄድበት መሬት ሲያጣ ኬዙ ላይ ይቀመጣል። መፍትሔው በባለሙያ የተተከለ የመሬት ዘንግና ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ነው። ዩፒኤስ የሚገዛም ዋቱን ያንብብ፤ 650 ቪኤ የተባለው አብዛኛውን ጊዜ 400 ዋት እንኳ አይሞላም፤ ካርዱ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ መብራት ቢሄድ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

የቀለጠ መሰኪያ የገጠመው ሰው ሽታው እንደመጣ ገመዱን ከግድግዳው ይንቀል፤ መድረስ ካልቻለ ብሬከሩን ያውርድ። ውኃ አይደፋ። ከቀዘቀዘ በኋላ የጠቆረውን ፕላስቲክ ፍቆ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ መልሶ መሰካት ዋጋ የለውም፤ ሙቀት ያገኘው ፒን ጉልበቱን አጥቷል፣ እንደገና ይሞቃል። የቀለጠው በካርዱ በኩል ያለው ጫፍ ከሆነ ደግሞ መቀየር ያለበት ኬብሉ ብቻ አይደለም። በካርዱ ላይ ያለው ማስገቢያም አብሮ ተቃጥሏልና አዲስ ኬብል ቢሰካበት አዲሱንም ያቃጥለዋል። ማስገቢያውን ከካርዱ ላይ አንሥቶ ሌላ መበየድ ሙቀት የሚቆጣጠር መበየጃና የለመደ እጅ ይፈልጋል፤ ሁለቱም በሌሉበት ካርዱ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላለ ባለሙያ ይላካል፤ ኮምፒውተሩ እስከዚያው ያለ ካርድ ሊሠራ ይችላል።